«ስኳር በዘራችን አለ» ማለት አለቀልኝ ማለት ነው? ኤፒጄኔቲክስ የሚሉትስ?

የማታ_ወፍ፦

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ስኳር አለባት። ወንድሟም አለበት፣ እንዲያውም እሱ በስኳሩ ምክንያት ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠዋል። አያቴም በዚሁ ጣጣ እንደሞተች ነው ሲወራ የሰማሁት። እኔ 34 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ መዋል ነው፣ ሆዴም ከዓመት ዓመት እየገፋ ነው። እስካሁን ምንም አያመኝም። ተመርምሬ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ያዞረኝ ምክሩ ነው። ዘመዶቼ «ከዘር የመጣ አይቀርም፣ እስኪመጣ ድረስ እንደ ልብህ ኑር» ይሉኛል። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሰውዬው በሙሉ ልብ «ጂንህ ምንም አያመጣም፣ በኤፒጄኔቲክስ መጥፎ ጂኖችህን ማጥፋት ትችላለህ» ሲል ቆየና መጨረሻ ላይ የሚሸጥ ዱቄት አወጣ። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ አንዷ «የአያትህ ረሃብና ጭንቀት ነው በደምህ ያለው፣ እስከ ሰባት ትውልድ ይወርዳል» ብላ ጭራሽ አስደነገጠችኝ።

የቱን ልመን? ዘር ነው አኗኗር? ኤፒጄኔቲክስ የእውነት ሳይንስ ነው ወይስ የሻጮች ወሬ? ምራቅ ልከህ የሚሠራ የዲኤንኤ ምርመራም አለ ይላሉ፣ እሱን ባሠራ ይጠቅመኛል? የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያስረዳኝ። «ሐኪም አማክር» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፣ እሱን አውቃለሁ።

ፒፔት፦

የዘረመል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም፣ እንደዚያ አድርገህ ውሰደው።

ከሦስቱ ምክሮች አንዱም ልክ አይደለም። ሁሉም ግን ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥረው ይዘዋል፣ የሚያሳምኑትም ለዚህ ነው።

«በዘር ያለ በሽታ» ሲባል ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። ሐንቲንግተን የሚባለውን በሽታ ውሰድ። ጠቅላላ ጉዳዩ ክሮሞዞም 4 ላይ ያለ አንድ ጂን ነው። ጂኑ ውስጥ ሲኤጂ የሚሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ይደጋገማሉ። ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውዬው ዕድሜ እስከሰጠው ድረስ በሽታው አይቀርለትም፣ መሮጥም አመጋገብም አይመልሰውም፣ እያንዳንዱ ልጁም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዘመዶችህ ሳያውቁት የሚያወሩት ስለዚህ ዓይነቱ በሽታ ነው።

ዓይነት 2 የሚባለው ተራው ስኳር እንደዚያ አይሠራም። እስካሁን በመቶዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ቦታዎች ከሱ ጋር ተያይዘዋል። በብዛት ከሚገኙት መካከል ጉልበተኛው ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ጂን ላይ ያለው ነው፣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እሱም ቢሆን ከእናት ወይም ከአባት የሚወረሰው አንዱ ቅጂ አደጋውን የሚጨምረው በ40 በመቶ አካባቢ ነው። ጉልበተኛው ይህን ያህል ከሆነ የቀሩትን አስባቸው። አንዳንዱ ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመነጭበትን አቅም ይነካል፣ አንዳንዱ ስብ የት ቦታ እንደሚከማች ላይ እጁ አለበት። አንድ በአንድ ሲታዩ ከቁብ የሚገቡ አይደሉም፣ ሲደማመሩ ግን ይከብዳሉ። ወላጅ ስኳር ካለበት የልጁ አደጋ ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ቤተሰብ የሚወራረሰው ጂን ብቻ አለመሆኑ ነው። ማዕዱም፣ አቀማመጡም፣ እንቅልፉም ይወረሳል።

ዘሩ አንድ ሆኖ ኑሮው ሲለይ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግህ የፒማ ሕዝብን ተመልከት። ከፊሎቹ አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ይኖራሉ፣ ከፊሎቹ ሜክሲኮ ሶኖራ ተራሮች ላይ። በዘር በጣም ይቀራረባሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናት አሪዞና ካሉት ጎልማሶች 38 በመቶው ዓይነት 2 ስኳር ነበረባቸው፣ ሜክሲኮ ካሉት ግን 7 በመቶ ያህሉ ብቻ። የሜክሲኮዎቹ ቀኑን በእርሻና በእንጨት ሥራ የሚያሳልፉ፣ ከዘመዶቻቸው በጣም የቀጠኑ ናቸው።

ስለዚህ «አይቀርም» የሚለውን ተወው።

ዕድል_ብቻ፦

ኧረ ተዉት ባካችሁ። እኔ የማውቀው ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ ኖሮ 91 ዓመቱ ላይ ተኝቶ ነው የሞተው። ጎረቤቱ ደግሞ በየቀኑ የሚሮጥ፣ ሲጋራ አጠገብ የማይደርስ፣ በ48 ዓመቱ በልብ ድካም ሄደ። ሁሉም ዕድል ነው። መቶኛ እየቆጠሩ ሰው ማስጨነቅ ምን ይሠራል?

ፒፔት፦

@ዕድል_ብቻ ሁለቱም ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱ ግን የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው። በየቀኑ የሚሮጥ ሰው በ48 ዓመቱ በልብ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዘር የሚመጣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ከ250 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ መንስኤው ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚጠርግበት ጂን መበላሸቱ ነው። ይህ ያለበት ሰው ቢሮጥም ኮሌስትሮሉ አይወርድለትም፣ በመድኃኒት ግን ይወርዳል። በወቅቱ ደሙ ቢለካ ኖሮ ይታወቅ ነበር። ዕድል ብለን ስናልፈው ልጆቹንም አብረን እናልፋቸዋለን፣ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ግማሽ በግማሽ ነው ዕድላቸው።

«ዘር ነው አኗኗር» ለሚለው ደግሞ እኔ ሁሌ የማነሳው ፒኬዩ የሚባለውን በሽታ ነው። ሙሉ በሙሉ የጂን በሽታ ነው። ሕፃኑ ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ቅጂ ይወርሳል፣ ስለዚህ ፌኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍልፋይ ጉበቱ ማፍረስ አይችልም። ነገሩ ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ አእምሮውን ይጎዳል። ሲወለድ ምንም አይታይበትም፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል። በተወለደ በአንድ ሁለት ቀን ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ከታወቀ ግን ፕሮቲኑ የተመጠነ ልዩ ምግብ ይሰጠውና እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። ጂኑ ግን እንደተበላሸ ነው፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም። ታዲያ ይሄ የዘር ነው የአኗኗር? ጥያቄው ራሱ አያስኬድም።

ሂስቶን፦

ኤፒጄኔቲክሱን ለእኔ ተዉልኝ፣ የማጠናው እሱን ነው፣ በዱቄት ሻጮችም ደሜ ይፈላል።

ሳይንሱ እውነት ነው። የጉበትህ ሴልና የአንጎልህ ሴል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ነው ያላቸው። ልዩነቱ የትኛው ጂን ይሠራል፣ የትኛው ዝም ይላል የሚለው ነው። ዝም የሚያሰኙት ምልክቶች ዲኤንኤው ላይ ወይም ዲኤንኤው በተጠመጠመበት ፕሮቲን ላይ የሚለጠፉ ኬሚካሎች ናቸው፣ በጣም የታወቀው ሚታይል የሚባለው ነው። ፊደሉን አይቀይሩም፣ አነባበቡን ነው የሚቀይሩት። ቪዲዮው ላይ እንደተባለው ማብሪያ ማጥፊያም አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሬዲዮ ድምፅ ከፍ ዝቅ እንደ ማድረግ ነው።

ይህ ነገር ሲበላሽ በግልጽ ያሳምማል። ክሮሞዞም 15 ላይ አንድ ሰፈር አለ። እዚያ ካሉት ጂኖች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከአባት በመጣው ቅጂ ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ ደግሞ አንጎል ውስጥ የሚሠራው ከእናት በመጣው ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ቅጂዎች በተፈጥሮ የታሸጉ ናቸው። አሁን ያው ሰፈር ከአባት በመጣው ክሮሞዞም ላይ ተቆርጦ ቢጠፋ ልጁ ፕራደር ዊሊ የሚባል ችግር ይይዘዋል። ሲወለድ ዝልፍልፍ ብሎ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ረሃቡ መቼም አይቆምም፣ ወላጆች የምግብ ቁም ሣጥን እስከ መቆለፍ ይደርሳሉ። ያው ቁራጭ ከእናት በመጣው ላይ ቢጠፋ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ አንጀልማን ይባላል፣ ልጁ ንግግር አይመጣለትም፣ የሚጥል በሽታ ይይዘዋል፣ ብዙ ይስቃል። የጠፋው ያው አንድ ቦታ ነው፣ ለውጡ ከማን የመጣው ነው የጠፋው የሚለው ብቻ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ትምህርቱ ውስጥ የገባሁት።

ካንሰር ውስጥም አለ። ካንሰርን የሚከላከል ጂን ፊደሉ ምንም ሳይሆን በሚታይል ታሽጎ ዝም ሊል ይችላል። አንዳንድ የአንጀት ካንሰር ላይ ኤምኤልኤች1 የሚባለው፣ የዲኤንኤ ስህተት የሚያርመው ጂን፣ እንደዚህ ሆኖ ነው የሚገኘው። ይህን እሽግ ለመፍታት የተሠራ መድኃኒትም አለ። አዛሲቲዲን ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ የአጥንት መቅኔያቸው ጤናማ የደም ሴል መሥራት ላቃተው በሽተኞች። እንግዲህ እውነተኛው «ኤፒጄኔቲክ» መድኃኒት ይሄን ይመስላል። በመርፌ ይሰጣል፣ ማቅለሽለሽ አለው፣ ደም ማነስ አለው፣ በሐኪም ክትትል ብቻ ነው የሚወሰደው። በዱቄት አይመጣም።

ዱቄቱ ከየት መጣ ካላችሁ ከአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የታወቀ ሙከራ አለ። አጉቲ የሚባለው ጂናቸው ልዩ የሆነ አይጦች ቢጫና ወፍራም ሆነው ይወለዳሉ። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ፎሊክ አሲድ፣ ቢ12፣ ኮሊንና ቤታይን ሲሰጣቸው ከግልገሎቹ ብዙዎቹ ቡናማ ሆነው ተወለዱ። ጂኑ ላይ ሚታይል ስለበዛ ነው። ድንቅ ሙከራ ነው። ግን የነዚያ አይጦች ጂን አጠገብ ድንገት የተሰነቀረ ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ስላለ ነው እንዲያ በቀላሉ የሚለዋወጠው፣ ሰው ላይ እዚያ ቦታ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ደግሞም ለውጡ የመጣው በጽንሱ ላይ ነው እንጂ ቫይታሚኑን በበላችው እናት ላይ አይደለም። የ34 ዓመት ሰው ሆዱን ይዞ ዱቄት ቢውጥ ጂኑ አይጠፋም፣ ኪሱ ነው የሚጠፋው።

ቀይ_እስክርቢቶ፦

የሰባት ትውልዱስ? እኔም ይሄን ነገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ የሆነ የሆላንድ ረሃብ እያሉ ነው የሚያወሩት።

ሂስቶን፦

@ቀይ_እስክርቢቶ አዎ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 ግንቦት፣ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ ዘጉ። ክረምቱም የከፋ ነበር፣ ቦዮቹ በረዶ ሆኑ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ፣ የባሰ ሳምንታትም ነበሩ። አገሩ ነፃ ሲወጣ ረሃቡ በአንዴ ቆመ። መጀመሪያውና መጨረሻው በቀን ስለሚታወቅና የልደት መዝገቡ ስላለ ተመራማሪዎች ማን በስንተኛው የእርግዝና ወር እንደተራበ ማወቅ ቻሉ።

በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የተራቡት ልጆች አድገው ሲታዩ የልብ በሽታ በዛባቸው፣ በረሃቡ ጊዜ የተፀነሱት ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም እጥፍ ያህል ታየባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ 60 ዓመት ገደማ ከሞላቸው በኋላ ደማቸው ተወስዶ፣ ረሃቡ ካላገኛቸው የገዛ ወንድምና እህቶቻቸው ጋር ተነጻጸረ። አይጂኤፍ2 የሚባለው፣ እድገትን የሚመለከተው ጂን ላይ የሚታይሉ መጠን ቀንሶ ተገኘ። ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያው አለ ማለት ነው። የሚገርም ነገር ነው።

ግን ልብ በሉ። ልዩነቱ 5 በመቶ አካባቢ ነው፣ ለበሽታው ምክንያት የሆነው እሱ ነው ብሎም ያረጋገጠ የለም። ደግሞ የተራበው ጽንሱ ራሱ ነው፣ ሦስት ትውልድ ቀድሞ የተራበ አያት አይደለም። እንቁላልና የዘር ፍሬ ሲሠሩ አንዴ፣ ከተፀነሰ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዴ አብዛኛው ምልክት ይጠረጋል። ከጥረጋው የሚያመልጥ ጥቂት አለ፣ እፅዋትና ትሎች ላይ ለብዙ ትውልድ ሲወርድ በደንብ ታይቷል፣ ሰው ላይ ግን ማስረጃው በጣም የሳሳ ነው። ሰባት ትውልድ የሚባለው ከሳይንስ የመጣ አይደለም።

ለ@የማታ_ወፍ የሚጠጋው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት እነዚሁ የፒማ ቤተሰቦች ውስጥ የአንድ እናት ልጆችን አነጻጸረ፣ ስኳር ሳይዛት የወለደቻቸውንና ከያዛት በኋላ የወለደቻቸውን። ጂን የሚወርሱበት ወላጅ አንድ ነው። በኋላ የተወለዱት ስኳር የመያዝ አደጋቸው 3.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አባት ላይ ግን ስኳር ከመያዙ በፊትና በኋላ ብለው ቢያነጻጽሩ እንደዚያ ያለ ልዩነት አልታየም። ማህፀን ውስጥ ያለፈው ስኳር የራሱን አሻራ ትቷል ማለት ነው። ምን ያህሉ በሚታይል፣ ምን ያህሉ በሌላ መንገድ እንደሆነ ገና ይከራከሩበታል። እናትህ ስኳር የጀመራት አንተን ከመውለዷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የማታ_ወፍ፦

ወይ ጉድ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። @ሂስቶን እናቴ የጀመራት ብዙ ቆይቶ ነው፣ እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው የሰማነው። አጎቴም 50 ካለፈው በኋላ ነው። ሁለቱም ወፈር ያሉ ናቸው።

የምራቁ ምርመራስ? አንድ ጓደኛዬ አሠርቶ «የስኳር አደጋህ ዝቅተኛ ነው» የሚል ወረቀት መጥቶለት ደስ ብሎት ነበር።

የሌሊት_ተረኛ፦

ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ።

የጓደኛህ ወረቀት ነው እኔን የሚያስፈራኝ። «ዝቅተኛ» ተብሎለት ሆዱን እያሰፋ ቢቀመጥ ማን ይጠይቅለታል? ውጤቱ የተሠራው ትናንሽ አደጋዎችን ደምሮ ነው፣ ከወገብህ ዙሪያና ከቤተሰብ ታሪክህ በላይ ብዙም የሚነግርህ ነገር የለም። ድምሩ የተሰላውም በአብዛኛው ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች መረጃ ላይ ነው፣ ለሌላው ሕዝብ ትንበያው ይደክማል።

የጂን ምርመራ የሚጠቅምበት የስኳር ዓይነት ግን አለ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጥቀሰው። ሞዲ ይባላል። አንድ ጂን ብቻ ሲበላሽ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከ25 ዓመት በታች ይጀምራል፣ ሰውዬው ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ከአያት ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይዘል ይወርዳል። ዓይነት 1 ነው ተብሎ ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረ ወጣት ተመርምሮ ሞዲ ሆኖ ሲገኝ፣ እንደ ጂኑ ዓይነት፣ መርፌው ቀርቶ በክኒን የሚኖር አለ። ለዚህ ነው ቤተሰብ ውስጥ ስኳር አለ የሚል ሰው ሲመጣ «ስንት ዓመታቸው ላይ ነው የጀመራቸው?» ብለን የምንጠይቀው። ከ50 በኋላ፣ ወፍራም ሆነው ከሆነ ሞዲ አይመስልም። ያንተ ተራው ዓይነት 2 ነው የሚመስለው።

ስለዚህ የምራቁን ገንዘብ ያዘው። የሚያስፈልግህ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳርና ኤዋንሲ የሚባለው፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነህ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለቴ ከተገኘ ስኳር ነው። ኤዋንሲ ደግሞ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 ሲደርስ ስኳር።

ቅድመ ስኳር ቢገኝብህም አለቀልኝ እንዳትል። አሜሪካ ውስጥ 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ለሦስት ዓመት ገደማ የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ነው የተጠየቀው። በዚህ ቡድን ስኳር የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ምንም ካልተደረገላቸው በ58 በመቶ አነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ከ10 ዓመት በኋላም ሲታይ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፣ 34 በመቶ ነበር።

ፒፔት፦

@የሌሊት_ተረኛ ጥሩ አነሳሽው፣ እኔ ደግሞ እላዩ ላይ ልጨምር። የዚያው ጥናት ሰዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 ጂናቸው ታይቷል። ምንም ካልተደረገላቸው ውስጥ ሁለቱንም መጥፎ ቅጂ የያዙት በቶሎ ታመሙ። የሚራመደውና ክብደት የቀነሰው ቡድን ውስጥ ግን የጂኑ ልዩነት ያን ያህል አልታየም። ሰዎቹ ጂናቸውን አላጠፉም፣ አልነኩትምም።

ቀይ_እስክርቢቶ፦

ይቅርታ ጥያቄውን ልጥለፈው ነው። በእኛ ቤት ያለው ስኳር ሳይሆን የጡት ካንሰር ነው። እናቴ በ44 ዓመቷ፣ እህቷ በ39። እናቴ ደህና ናት፣ አክስቴ አርፋለች። እኔ 31 ነኝ። እናንተ እንደምትሉት «ዘር ብቻውን አይወስንም፣ ተራመጂ» ነው ለእኔም?

የሌሊት_ተረኛ፦

እህቴ፣ አይደለም። ላንቺ መልሱ ሌላ ነው፣ እንኳን ጠየቅሽ።

አብዛኛው የጡት ካንሰር በውርስ አይደለም የሚመጣው፣ ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ ነው ከአንድ የተወረሰ ጂን ጋር የሚያያዘው። ግን ሁለት እህትማማች፣ ሁለቱም ከ45 በታች ሲሆኑ ያ ጥቂቱ ውስጥ መሆናቸው በደንብ ይጠረጠራል። ብራካ1 ወይም ብራካ2 የሚባሉት ጂኖች ላይ ጎጂ ለውጥ ካለ ወደ ሐንቲንግተኑ ጎን ይጠጋል፣ መቶ በመቶ ባይሆንም። ብራካ1 ላይ ከሆነ እስከ 70 እና 80 ዓመቷ ድረስ ከ55 እስከ 72 በመቶው ሴት በጡት ካንሰር ትያዛለች፣ ለሌላዋ ሴት ይህ ቁጥር 13 በመቶ አካባቢ ነው። የእንቁልጢ ካንሰርም አብሮ ይመጣል። መራመድ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ላይ አይበቃሽም።

ለዚህ የምራቅ ኪት አትግዢ። አንዳንዶቹ ጥቂት የታወቁ ለውጦችን ብቻ ነው የሚያዩት፣ በሁለቱ ጂኖች ላይ ግን ጎጂ ለውጦች በሺዎች ይቆጠራሉ። «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ምንም ዋስትና አይደለም። በዘረመል አማካሪ ወይም በካንሰር ሐኪም በኩል ሙሉ ጂኑ የሚነበብበትን ምርመራ ጠይቂ። የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ እናትሽ ትመርመር። እሷ ላይ ለውጡ ከተገኘ አንቺ ላይ የሚፈለገው ምን እንደሆነ በትክክል ይታወቃል፣ አንቺ ላይ ከሌለ ደግሞ ያን ጊዜ የእውነት እፎይ ትያለሽ። ካለ በኤምአርአይ ቶሎ የሚጀመር ክትትል አለ፣ ሌሎች ምርጫዎችም አሉ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። ወንድም ካለሽ እሱም ይወርሳል፣ ለልጆቹም ያስተላልፋል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቀይ_እስክርቢቶ፦

እናቴን ዛሬ ማታ አናግራታለሁ። አመሰግናለሁ፣ የእውነት።

ዕድል_ብቻ፦

@ፒፔት ያ የኮሌስትሮል ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። የሟቹ ልጅ ጓደኛዬ ነው፣ ደወልኩለት። ተመርምሮ አያውቅም። ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?

ፒፔት፦

@ዕድል_ብቻ «አባቴ በ48 ዓመቱ በልብ ነው የሞተው፣ የኮሌስትሮል ምርመራ እፈልጋለሁ» ይበል፣ ኤልዲኤል የሚባለው የመጥፎው ኮሌስትሮል ቁጥር እንዲጻፍለት ይጠይቅ። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ይቀጥልበታል። ልጆች ካሉት እነሱም ይታዩ፣ ይሄ በልጅነትም ይገኛል።

የማታ_ወፍ፦

ሄድኩ። በባዶ ሆድ 112፣ ኤዋንሲ 5.9። ሐኪሟ ቅድመ ስኳር ነው አለችኝ፣ እናንተ ካላችሁት ብዙም የተለየ ነገር አልነገረችኝም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ ና ነው ያለችው። ክብደቴ 92 ነው፣ 7 በመቶው ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው፣ እኔ ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ነው የሚጠብቀኝ ብዬ ነበር የፈራሁት። ታናሽ እህቴ አርግዛለች፣ እሷስ የምታደርገው ነገር አለ?

የሌሊት_ተረኛ፦

አለ። ለሚከታተሏት ሐኪም እናቷ ስኳር እንዳለባት ዛሬውኑ ትንገር። ብዙ ሴቶች ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው የእርግዝና ስኳር የሚመረመሩት፣ እሷን ግን በቤተሰቡ ታሪክ ምክንያት ቀደም ብለው ሊያዩዋት ይችላሉ። ቢገኝባት እንኳ በአመጋገብ፣ ካስፈለገም በኢንሱሊን ይያዛል። ከወለደች በኋላም ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ተመልሳ ትለካ፣ እናቶች ሕፃኑን ይዘው ሲሯሯጡ ይቺን ምርመራ ነው የሚዘሏት።